የአየር ንብረት ለውጥን ልማር ስል ሁሉም «ኢነርጂ ግቢ» ይለኛል፤ ልክ ናቸው?

ሁለተኛ ሴሚስተር ጻፈች፦

ጤና ይስጥልኝ። አንደኛ ዓመትን ልጨርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ ከዚያ ዲፓርትመንት መምረጥ አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የአየር ንብረት ለውጥን ለማጥናት ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ የአርክቲክን ባሕር በረዶ ከዓመት ዓመት የሚያሳዩ የሳተላይት ምስሎች አየሁ። በየመስከረሙ ነጩ ነገር እየጠበበ፣ ጥቁሩ ውሃ እየሰፋ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ትምህርት አላሰኘኝም።

አማካሪዬን ሳነጋግረው «እንግዲያው ኢነርጂ ግቢ» አለኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ይህንኑ ደገሙልኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ስለ ውቅያኖስና ስለ በረዶ ልማር መጥቼ ስለ ቦይለርና ስለ ትራንስፎርመር ላንብብ? ከፊቴ ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፤ ፊዚክስ፣ መካኒካል ኢንጂነሪንግ እና አዲስ የተከፈተ «የአየር ንብረትና ኢነርጂ» የሚባል ፕሮግራም። ኢነርጂን ማጥናት የአየር ንብረት ለውጥን ማጥናት ነው ወይ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የፈረቃ ሠራተኛ መለሰ፦

እህቴ፣ የከፋሽ ነገር ይገባኛል። ቢሆንም አማካሪሽ አልተሳሳተም። ሰው ወደ አየር ከሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች አራት እጅ ተከፍሎ ሦስት እጅ ያህሉ የሚመጣው ኃይል ከማምረትና ከመጠቀም ነው። ያየሽው በረዶ የቀለጠው እንደኔ ዓይነት ሰው በሚሠራበት ቦታ ነው። በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማመንጫ ውስጥ 14 ዓመት ፈረቃ ገብቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

500 ሜጋዋት የሚያመነጭ አንድ አሃድ ውሰጂ። ከከሰሉ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው 38 በመቶ ያህሉ ነው እንበል። በየሰዓቱ 500 ሜጋዋት ሰዓት ለማግኘት 1,300 ሜጋዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት ማቃጠል ግድ ይላል ማለት ነው። ደህና ጥራት ያለው ከሰል ከሆነ በሰዓት 190 ቶን ገደማ ይፈጃል። አሁን ገምቺ፦ በጭስ ማውጫው በዚያው ሰዓት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት ቶን ይሆናል?

450 ቶን ገደማ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ይህን ቁጥር ስሰማ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ከገባው የወጣው እንዴት ይበልጣል? አለቃዬ ወረቀት አምጥቶ ሦስት ቁጥር ብቻ ጻፈልኝ፤ 12፣ 32፣ 44። የካርቦን አቶም ክብደቱ 12 ነው። ሲቃጠል ከአየር ሁለት ኦክስጅን ይጨብጣል፤ እነሱ 32 ናቸው። ድምሩ 44። ስለዚህ አንድ ኪሎ ካርቦን ሲቃጠል 3.67 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ካርቦን ስላልሆነ ነው 450 ላይ የቆመው።

የቀረው 62 በመቶ ሙቀት የት ይሄዳል ካልሽ፣ አብዛኛው በማቀዝቀዣ ማማው በኩል ይወጣል። ስለ ብክለት ሲጻፍ ፎቶው የሚለጠፈው ያ ነጭ ደመና እሱ ነው። እሱ ግን የውሃ እንፋሎት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይታይም። ዓይን የማያየውን ነገር በቁጥር ማየት መቻል፣ ኢነርጂ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ምክሬ፦ መካኒካል ግቢ። ቴርሞዳይናሚክስን፣ ማለትም የሙቀትና የኃይልን ሳይንስ፣ አጥብቀሽ ያዢ።

ጡረተኛ መምህር መለሰ፦

ልጄ፣ ፊዚክስ ለ31 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ አድሎ እንዳለብኝ አስቀድሜ ልናገር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥር ደግሞ ሙቀት ነው።

በ1824 (ሁሉንም ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፉሪዬ የሚባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ አንድ ጥያቄ አነሳ፤ ምድር ከፀሐይ ባላት ርቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ አሁን ካለችው በጣም ትቀዘቅዝ ነበር፤ ታዲያ ማን አሞቃት? አየሩ ሙቀቱን እንደሚይዝ ጠረጠረ። በ1856 ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ልዩ ልዩ ጋዝ ሞልታ ፀሐይ ላይ አኖረቻቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሁሉም በላይ ሞቀ፤ ሲቀዘቅዝም ዘገየ። አየራችን በዚህ ጋዝ ቢሞላ ምድር ትሞቅ ነበር ብላ የጻፈችው ያኔ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቲንዳል የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ጋዞች ሙቀት መያዛቸውን በመሣሪያ ለካው። በ1896 ስዊድናዊው ኬሚስት አሬኒየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ በእርሳስና በወረቀት አሰላ። ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው።

የትኛውም ዲፓርትመንት ብትገቢ ይህቺን ስሌት በእጅሽ ሳትሠሪ አትመረቂ፦ ከፀሐይ የሚደርሰን በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ለአራት ይካፈልና 340 ይሆናል። 30 በመቶው ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ 238 ይቀራል። ይህንን ያህል መልሳ ለመልቀቅ ምድር ስንት ዲግሪ መሆን አለባት? የስቴፋንና ቦልትዝማንን ሕግ ስትጠቀሚ 255 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ታገኛለሽ። ቴርሞሜትር ግን በአማካይ 15 ይላል። ልዩነቱ 33 ዲግሪ ነው። እኛ በሕይወት ያለነው በዚያ ልዩነት ነው፤ አሁን እየነካካነው ያለነውም እሱኑ ነው።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «የተጨመረው ጋዝ ከቦይለር መምጣቱ በምን ይታወቃል፣ ከእሳተ ገሞራ ቢሆንስ?» ይሉኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ካርቦን 14 በሚባለው ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት ውስጥ አለ። ይህ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ከመሬት ሥር በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ስለቆዩ አንድም የላቸውም። ስለዚህ ስናቃጥላቸው በአየር ላይ ያለውን የካርቦን 14 ድርሻ ያቀጥኑታል። ይህ መቅጠን ተለክቷል። እሳተ ገሞራም ያረጀ ካርቦን ያወጣል፤ ነገር ግን በዓመት የሚያወጣው ሰው ከሚያወጣው አንድ በመቶ እንኳ አይደርስም፤ ካርቦን 13 በሚባለው ሌላ የካርቦን ዓይነትም ዱካው ይለያል። የፈረቃው ወንድማችን ጭስ ማውጫና አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኪሊንግ ከ1958 ጀምሮ ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎአ ተራራ ላይ የለካው አየር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 315 ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ነበር።

ፊዚክስ ግቢ ልጄ።

አፈርና ደን መለሰች፦

ሁለቱም ወንዶች ወደየሙያቸው እየጎተቱሽ ነው። እኔም ልጎትትሽ።

ሦስት እጁ ኢነርጂ ነው ተባለ፤ እሺ። አራተኛው እጅስ? አብዛኛው እርሻ፣ ከብት፣ የሩዝ ማሳ፣ የደን ጭፍጨፋ። ከከብትና ከሩዝ ማሳ የሚወጣው ሚቴን የሚባል ጋዝ በ20 ዓመት ውስጥ ሲለካ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ያሞቃል። በዚያ ላይ ከጭስ ማውጫ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ አየር ላይ የሚቀረው ከግማሽ ያነሰው ነው። ሌላውን ውቅያኖስና የብስ፣ ማለትም ዕፅዋትና አፈር፣ ይውጡልናል። እነሱ መዋጥ ቢያቅታቸው ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ቦይለር ውስጥ አታገኚውም።

አንድ ነገር ደግሞ ይቆጨኛል። ኢነርጂ የተማሩ ልጆች የአየር ንብረትን የሚያዩት ኃይል ማመንጫው አየሩን ሲጎዳ ብቻ ነው። አየሩም መልሶ ማመንጫውን ይጎዳል። በ2003 አውሮፓ በሙቀት ስትነድ ፈረንሳይ ውስጥ ኒውክሌር ማመንጫዎች ምርት ቀንሰዋል፤ የሚያቀዘቅዛቸው የወንዝ ውሃ ሞቆና ጎድሎ ስለነበር። ግድብ ዝናብ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲሞቅ ይረግባል፣ የሚሸከመውም ኃይል ያንሳል። ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። ፕሮግራሙ ይህን የሚያስተምር ከሆነ፣ አዲስ መሆኑ አያስፈራሽ፤ ግቢበት።

የፈረቃ ሠራተኛ መለሰ፦

የወንዙን ነገር ልክ ብለሻል፤ እኛም ዘንድ በበጋ የማቀዝቀዣው ውሃ ሲሞቅ ምርት እንቀንስ ነበር። አራተኛው እጅም አይናቅም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ኢነርጂ» ሲባል ኤሌክትሪክ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሰው ከሚጠቀመው የመጨረሻ ኃይል ኤሌክትሪክ አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። ሌላው በመኪና ሞተር፣ በፋብሪካ ምድጃ፣ በቤት ማሞቂያ የሚቃጠል ነው። ሲሚንቶን ደግሞ ተመልከቺ። ምድጃውን በንጹሕ ኃይል ብታግዪው እንኳ ልቀቱ አይጠፋም፤ ምክንያቱም የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲከፋፈል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ይህን የሚፈታ ኬሚስት ያስፈልጋል።

ድሮ ቁጥር ፈሪ መለሰ፦

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ማስተርሴን በኢነርጂ ፖሊሲ ሠራሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር የገጠመኝን ልንገርሽ።

አሳይንመንቱ አንድን የከሰል ማመንጫ በፀሐይ ኃይል ስለ መተካት ነበር። 12 ገጽ ጻፍኩ። ስለ ዓለም አቀፍ ድርድሩ በደንብ አትቻለሁ፤ የ1992ቱ ስምምነት፣ ኪዮቶ 1997፣ ፓሪስ 2015፣ ምንም አላስቀረሁም። በመጨረሻ «100 ሜጋዋት የከሰል ማመንጫ ተዘግቶ 100 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ ይተከል» ብዬ ደመደምኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጎን በቀይ አንድ ቃል ተጽፋለች፦ «ሌሊትስ?»

ያቺ ቃል ናት ቁጥር ያስተማረችኝ። ሜጋዋት ፍጥነት ነው፤ ሜጋዋት ሰዓት የተሄደው መንገድ ነው። 100 ሜጋዋት የፀሐይ ፓኔል በዓመት የሚሰጠው፣ ሌሊቱና ደመናው ታስቦ፣ ሙሉ ቀን ከሌሊት ቢሠራ ይሰጥ ከነበረው ከ15 እስከ 25 በመቶ ያህሉን ነው። ከሰሉ ደግሞ 60 ወይም 70 በመቶ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ሦስትና አራት እጥፍ መትከል፣ ማከማቻ ማዘጋጀት፣ መስመር መዘርጋት ያስፈልጋል። ድርድሩን ሁሉ በቃሌ ይዤ ይህን አላውቅም ነበር። ፖሊሲ እማራለሁ ለሚል ሰው ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ ኪሎዋትንና ኪሎዋት ሰዓትን የሚያምታታ ሰው ሕግ ቢያረቅ ይጎዳል።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት መሣሪያ ዮይቺ ካያ የሚባሉት ጃፓናዊ ያስቀመጡት ቀመር ነው። ልቀት ማለት የሰው ብዛት፣ ሲባዛ በነፍስ ወከፍ ምርት፣ ሲባዛ ለአንድ አሃድ ምርት በሚወጣ ኃይል፣ ሲባዛ ለአንድ አሃድ ኃይል በሚለቀቅ ካርቦን። አራት ቁጥር ብቻ ነው። ግን ማንኛውንም ክርክር ስትሰሚ ከአራቱ የትኛውን እየነካ እንደሆነ መጠየቅ ትችያለሽ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የኢነርጂ ናቸው። ለእኔ የጥያቄሽ መልስ እዚያ ቀመር ላይ ተጽፏል።

የማታ ክፍል መለሰች፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ። እኔ ይህንኑ ትምህርት ሦስት ዓመት ተማርኩት። ቁጥሩን ሳላውቅ እተኛ ነበር፤ ካወቅኩ ወዲህ መብራት ሲበራ እንኳ ግራም መቁጠር ሆነ ሥራዬ። አንዳንድ ቀን ክፍል ገብቼ ግራፉን ማየት ያቅተኛል። እህቴ፣ ስትመርጪ ይህም እንዳለ እወቂ። ማንም አልነገረኝም ነበር።

ድሮ ቁጥር ፈሪ መለሰ፦

የማታ ክፍል፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። እኔም በዚያ አልፌያለሁ። ግራፉን ስታዪ ሌላኛውንም ግራፍ አብረሽ እይው። ከ2010 እስከ 2019 ባለው ጊዜ የፀሐይ ኃይል ዋጋ 85 በመቶ ወርዷል፤ የነፋስ 55 በመቶ፤ የሊቲየም ባትሪ 85 በመቶ። ይህን ያደረጉት ክፍል ገብተው እንዳንቺ የከበዳቸው ሰዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ያን ሁሉ የነዳጅ ኃይል አንድ በአንድ መተካት የለብንም። የቤንዚን ሞተር ከሚጠጣው ኃይል ጎማው ጋ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ነው፤ የባትሪ መኪና ግን አብዛኛውን ለጎማው ያደርሳል። የምንተካው ሥራውን እንጂ ብክነቱን አይደለም።

ብቻሽን አትቁጠሪ። አብሮሽ የሚሠራ ሰው ፈልጊ።

ጡረተኛ መምህር መለሰ፦

የማታ ክፍል፣ ልጄ፣ ሰላሳ ዓመት ከተማሪ ጋር ስኖር እንዳንቺ የሚሰማቸው ናቸው ጥሩ የሚሠሩት። እረፍትሽን ግን አትርሺ። አንድ ሳምንት ግራፍ ባታዪ ማንም አይቀየምሽም።

ሁለተኛ ሴሚስተር፣ ሦስት ሳምንት አለሽ። ከመምረጥሽ በፊት የቤት ሥራ ልስጥሽ። አንድ ሊትር ውሃ በኤሌክትሪክ ማፍያ አፍይ፤ ሰዓት ያዢ። ስንት ኃይል እንደገባና ስንቱ ውሃው ውስጥ እንደተገኘ ንገሪን። ስትሠሪ የትኛው ጥያቄ እንደሚያሳክክሽ ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛ ሴሚስተር ጻፈች፦

ሠራሁት! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የማታ ክፍልን።

ማፍያው ላይ 2,000 ዋት ተጽፏል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ጀምሬ በ198 ሰከንድ ራሱን አጠፋ። የገባው 396 ኪሎጁል ነው፤ 0.11 ኪሎዋት ሰዓት። ውሃውን ከ20 ወደ 100 ለማድረስ 335 ኪሎጁል ይበቃል። ብቃቱ 85 በመቶ ሆነ። የፈረቃ ወንድሜን ቁጥር ወስጄ ደግሞ አሰላሁት፤ 450 ቶን ለ500 ሜጋዋት ሰዓት ማለት ለኪሎዋት ሰዓት 900 ግራም ነው። ኤሌክትሪኩ ከዚያ ማመንጫ ቢመጣ ኖሮ አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት 100 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ውሃ ሳየው ቆየሁ።

ጡረተኛ መምህር መለሰ፦

ጎበዝ! አንድ ጥያቄ ብቻ። ውሃው 100 ዲግሪ ላይ መፍላቱን ለካሽው ወይስ አሰብሽው?

ሁለተኛ ሴሚስተር ጻፈች፦

መምህር፣ አስቤው ነው። እርስዎ እንዳሉኝ ዛሬ ቴርሞሜትር ከላብራቶሪ ተውሼ ደገምኩት። የፈላው 93 ላይ ነው! ያለሁበት ቦታ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ እንደሆነ እያወቅኩ ትዝ አላለኝም። አየሩ ስለሳሳ ቶሎ ይፈላል። ጊዜው አሁንም 198 ሰከንድ ነው፤ ውሃው የጀመረው ከ19 ነው። ስለዚህ ውሃው የወሰደው 310 ኪሎጁል ብቻ ነው፤ ብቃቱ ወደ 78 በመቶ ወረደ። 86 ኪሎጁል ጠፍቶብኛል። የማፍያው ብረት ራሱ እንደሞቀ ገብቶኛል፤ ሌላው የት ሄደ?

የፈረቃ ሠራተኛ መለሰ፦

እኛ ማመንጫ ውስጥ ሙቀት ሲጠፋብን መጀመሪያ የምናየው እንፋሎት ነው። ማፍያሽ ከፈላ በኋላ ወዲያው አይጠፋም፤ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ውሃውን ከማፍላትሽ በፊትና በኋላ በሚዛን መዝኚው።

ሁለተኛ ሴሚስተር ጻፈች፦

መዘንኩት። 1,000 ግራም ገብቶ 988 ወጣ። 12 ግራም ተንኗል። አንድ ግራም ለመትነን 2.27 ኪሎጁል ይፈልጋል፤ ስለዚህ 27 ኪሎጁል በእንፋሎት ሄዷል። የቀረው 59 ነው። ነገ ማፍያውን ባዶውን እመዝንና የብረቱን ድርሻ አወጣለሁ።

ፊዚክስ መረጥኩ፤ ፎርሙን ዛሬ ጠዋት አስገባሁ። ቴርሞዳይናሚክሱን ከመካኒካል ልጆች ጋር፣ የአፈሩን ኮርስ ከአፈርና ደን እህቴ ዲፓርትመንት በምርጫ እንድወስድ አማካሪዬ ፈቅዶልኛል።